ግልባጩና መዝገቡ
(ጎን ለጎን የሚሠሩ ሁለት ሠራተኞች በጋራ ጉዳይ ሳይጋጩ እንዴት ይነጋገራሉ?)



በማስተማር ልምምድ ወቅት ከእኛ መካከል ጥቂቶቻችን ወደ ይፋት ቆላ፣ ከሸዋ ሮቢት ወደ አጣዬ በሚወስደው መንገድ ላይ ወደምትገኘው ወደ ጀውሃ ወርደን ነበር። እዚያ በቆየንባቸው ሳምንታት ሁለት ነገሮች ገጠሙን። አንደኛው በመስኖ ቦይ ዳር የተነሣ ጭቅጭቅ ነው። ሁለተኛው በማርክ መዝገብ ላይ እኛው ራሳችን የሠራነው ስሕተት ነው። ላይ ላዩን ሲታዩ ሁለቱ የሚገናኙ አይመስሉም። ከልምምድ ተመልሰን ከኮምፒዩተር ትምህርት ማስታወሻችን ጋር ስናስተያያቸው ግን ምንጫቸው አንድ ሆኖ አገኘነው። ይኸውም ብዙ ሰው አንድን መዝገብ እየገለበጠ በየኪሱ ሲይዝና በዚያው በግልባጩ ሲሠራበት የሚመጣ ጣጣ ነው። በዚህ የግድግዳ ጋዜጣ ላይ የምናቀርበው ጥናት ይህንኑ ይመለከታል።

1. በኪስ ያለ ወረቀት

በመስኖ ሽንኩርት ለሚያለማ የቆላ ገበሬ ሀብቱ መሬቱ ብቻ አይደለም፤ የውሃ ተራው ጭምር ነው። ተራውን የሚያውቁትና የሚዳኙት ውሃ አባት ናቸው። የእገሌ ሰኞ ጧት፣ የእገሊት ማክሰኞ ሌሊት እየተባለ በአንድ ደብተር ላይ ይሰፍራል። እኛ ባየነው ቦታ የውሃ አባቱ ቤት ከማሳው ራቅ ያለ ስለነበር ገበሬው በየቀኑ እየተመላለሰ ደብተሩን አይጠይቅም። የየቡድኑ አለቃ የቡድኑን ተራ በብጣሽ ወረቀት ገልብጦ በኪሱ ይይዛል። "ዛሬ የማን ነው?" ሲባል ከኪሱ አውጥቶ ያነባል። ፈጣን ነው፤ እግርም አያደክም።

አንድ ሳምንት ለቅሶ የደረሰባቸው አንዲት እናት የማክሰኞ ሌሊት ተራቸውን ከሌላ ቡድን ገበሬ ጋር ተለዋወጡ። ውሃ አባቱ ለውጡን በደብተራቸው ላይ ጻፉ። በእናትየው ቡድን አለቃ ኪስ ያለው ወረቀት ግን እንደ ድሮው ነበር። አለቃው ደግሞ ደግ ሰው ስለሆነ "እሳቸው ሐዘን ላይ ናቸው፣ እኔ ላጠጣላቸው" ብሎ አካፋውን ይዞ ወጣ። ተራ የተቀየረለት ገበሬም አካፋውን ይዞ መጣ። ሁለቱ በሌሊት በቦዩ አፍ ላይ ተገናኙ።

"ተራው የኔ ነው!"

"እንዴት ያንተ ይሆናል? ወረቀቱ እኮ ይኸው!"

ሁለቱም አልዋሹም። በሌሊት፣ በውሃ ጉዳይ፣ አካፋ በእጅ ተይዞ የሚደረግ ክርክር ምን ሊያመጣ እንደሚችል ለአገሬው መንገር አያስፈልግም። ደግነቱ ሰው ሮጦ ውሃ አባቱን ጠራ። ሽማግሌው ባትሪያቸውን አብርተው መጀመሪያ ወረቀቱን፣ ቀጥለው ደብተሩን አዩና "ልጆቼ፣ ወረቀቱ አልዋሸም፤ አርጅቷል እንጂ" አሉ። ነገሩ በዚህ በረደ። ይህ እስኪሆን ድረስ ግን ውሃው የማንንም ሽንኩርት ሳያጠጣ ቁልቁል ፈሶ ነበር።

2. ለመሆኑ ካሽ ሜሞሪ ምንድን ነው?

ኮምፒዩተርም ልክ እንደ ቡድን አለቃው ኪስ አለው። የሚያስበው ክፍል ፕሮሰሰር ይባላል። የሚሠራበት መረጃ የሚቀመጠው በዋናው ሜሞሪ ሲሆን ይህ እንደ ውሃ አባቱ ደብተር ነው። ፕሮሰሰሩ ወደ ዋናው ሜሞሪ ሄዶ አንድ ቁጥር ለማምጣት 100 ናኖ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። አንድ ናኖ ሰከንድ የሰከንድ አንድ ቢሊዮንኛ ነው። "ታዲያ ይህ ምን ያህል ነው?" ትሉ ይሆናል። ለእኛ ኢምንት ነው። ለፕሮሰሰሩ ግን ረጅም መንገድ ነው። ስለዚህ በቅርቡ ትንሽና ፈጣን ማስቀመጫ ተሠርቶለታል። ከዚህ ለማንበብ አንድ ናኖ ሰከንድ ግድም ይበቃዋል። ከኪስ ማንበብ አንድ ደቂቃ ቢወስድ፣ ውሃ አባቱ ዘንድ ደርሶ መመለስ 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይወስዳል እንደማለት ነው።

ይህ የቅርብ ማስቀመጫ ካሽ ሜሞሪ ይባላል። ከጥሬ ገንዘቡ ካሽ ጋር እንዳይምታታ እኛ በዚህ ጽሑፍ "የቅርብ ግልባጭ" እንለዋለን። ሐሳቡን እንግሊዛዊው ሞሪስ ዊልክስ እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው አጭር ጽሑፍ አቀረበው። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው የውጭ አገር ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።) በ1968 ደግሞ አይቢኤም ኩባንያ ሲስተም 360 ሞዴል 85 በተባለው ማሽኑ ላይ እንደሚጠቀምበት ይፋ አደረገ።

ፕሮሰሰሩ አንድ ብቻ እስከሆነ ድረስ ችግር የለም፤ አንድ ሰው፣ አንድ ኪስ ነው። ዛሬ ግን በእጃችን የምንይዘው ስልክ እንኳ በውስጡ አራትና ስምንት አሳቢ ክፍሎች አሉት። እያንዳንዱም የራሱ የቅርብ ግልባጭ አለው። በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም "ሂደት" ይባላል። እንግዲህ ብዙ ሂደቶች በአንድ ጊዜ፣ ጎን ለጎን፣ በአንድ የጋራ መረጃ ላይ ሲሠሩ የጀውሃው ሌሊት በማሽኑ ውስጥ ይደገማል ማለት ነው። ልዩነቱ፣ በማሽኑ ውስጥ ባትሪ ይዞ የሚመጣ ሽማግሌ አለመኖሩ ነው። ዳኝነቱን አስቀድሞ በደንብ ማበጀት የሠሪው ፋንታ ነው።

3. ሦስቱ ስሕተቶች

በዚህ ሥራ የሚመጡት ስሕተቶች ብዙ ቢመስሉም በሦስት ይጠቃለላሉ። ሦስቱን ለይቶ አለማወቅ ለአንዱ የታዘዘውን መድኃኒት ለሌላው ወደ መስጠት ያደርሳል።

ሀ. ያረጀ ግልባጭ። ይህ ከላይ ያየነው የወረቀቱ ነገር ነው። መዝገቡ ተለውጧል፤ ግልባጩ አልተለወጠም። ባለ ግልባጩ ግን እርግጠኛ ሆኖ ይሠራል።

ለ. የተዋጠ ጭማሪ። ይህ የእኛው ጥፋት ነው፤ ሳንደብቅ እንናገረው። ለልምምድ በተመደብንበት ክፍል አንዲት ተማሪ በሒሳብ ትምህርት እስከዚያ ድረስ 41 ነጥብ ነበራት። ማርኩ የሚያዘው በኮምፒዩተር ላይ በተዘጋጀ ሰንጠረዥ ነው። ከእኛ አንዱ ያረመውን የአጭር ፈተና ውጤት ሊያስገባ ፋይሉን በፍላሽ ገልብጦ ወደ ማደሪያው ወሰደው። በዚያው ቀን የትምህርቱ መምህር በቢሮው ኮምፒዩተር ላይ የተማሪዋን የቡድን ሥራ 8 ነጥብ ደመሩላት፤ 49 ሆነ። የእኛ ሰው በበኩሉ በያዘው ግልባጭ፣ በ41 ላይ የአጭር ፈተናዋን 6 ነጥብ ደምሮ 47 አደረገው። በማግሥቱ ጧት ፍላሹን ሰክቶ የእሱን ፋይል በቢሮው ፋይል ላይ ገለበጠው። 49 ጠፋ፤ 47 ቀረ። ትክክለኛው ግን 55 ነበር።

በ47 ልጅቷ ወድቃለች፤ በ55 አልፋለች። ማርኩ ሲነበብ ወደ እኛ መጥታ "ቲቸር፣ የቡድን ሥራዬ የት ገባ?" አለችን። እንዴ! እኛ ምን እናውቃለን? መዝገቡን አየን፤ ድምሩ ልክ ነው። መምህሩንም ጠየቅናቸው፤ "እኔ አስገብቻለሁ" አሉ። ነገሩን የፈታችው እሷው ናት። 8 ተብሎ የታረመላትን ወረቀት በደብተሯ ውስጥ አጥፋ አስቀምጣው ነበር። ወረቀቷን ባትይዝስ ኖሮ? ወረቀታቸውን ያልያዙ ስንት ተማሪዎችስ ይኖሩ ይሆን? ይህን ስናስብ ዛሬም ይከብደናል።

ልብ በሉ፤ እዚህ ላይ አንድም የተሳሳተ ድምር የለም። 41 እና 8፣ 49 ነው። 41 እና 6፣ 47 ነው። ስሕተቱ በማንበብና በመጻፍ መካከል ሌላ ሰው መግባቱ ነው።

ሐ. የቀደመ ደወል። የፈተናው ወረቀት ከማባዣ ክፍል ሳይመጣ ደወሉ ቢደወል ተማሪው ገብቶ ባዶ ጠረጴዛ ያገኛል። በኮምፒዩተርም አንዱ ሂደት መጀመሪያ ማርኩን ይጽፋል፤ ቀጥሎ "ተጠናቋል" የሚል ምልክት ያቆማል። ሌላው ሂደት ምልክቱን ጠብቆ ማርኩን ያነባል። በወረቀት ላይ ሲታይ ምንም እንከን የለበትም። ሆኖም ፕሮሰሰሩ ጊዜ ለመቆጠብ ሲል የሚጽፈውን ነገር በወረፋ ያቆየዋል። ፕሮግራሙን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ኮምፓይለርም የትእዛዞቹን ቅደም ተከተል ሊያዛውር ይችላል። ስለዚህ ምልክቱ ከማርኩ ቀድሞ ለሌላው ሊታየው ይችላል። በብዙ ስልኮች ውስጥ ያሉት የአርም ፕሮሰሰሮች እንዲህ ያለውን መቀዳደም ይፈቅዳሉ። የኢንቴል ዓይነቶቹ ጽሕፈቶችን በተራቸው ያሳያሉ፤ ነገር ግን በእነሱም ላይ ኋላ የታዘዘ ንባብ አስቀድሞ የታዘዘን ጽሕፈት ሊቀድመው ይችላል።

ሌዝሊ ላምፖርት የተባለው አሜሪካዊ በ1979 ስለዚህ ጉዳይ ግልጽ መለኪያ አስቀመጠ። የብዙ ፕሮሰሰሮች ሥራ ውጤት፣ ሥራዎቹ ሁሉ በአንድ ሰልፍ ተሰልፈው ተራ በተራ የተፈጸሙ ያህል ከሆነ፣ የእያንዳንዱ ፕሮሰሰር የራሱ ቅደም ተከተልም በሰልፉ ውስጥ ካልተዛነፈ፣ ማሽኑ ሥርዓቱን ጠብቋል ይባላል። ከላይ እንዳየነው የዛሬዎቹ ማሽኖች ለፍጥነት ሲሉ ይህን በራሳቸው አይጠብቁም። ሥርዓቱ በሚያስፈልግበት ቦታ ላይ ፕሮግራም ጸሐፊው ጠይቆ ማግኘት አለበት።

4. የክፍል ሙከራ

ይህን ትምህርት ያለ ኮምፒዩተር ማስተማር ይቻላል። ጥቁር ሰሌዳ፣ ሁለት ተማሪዎችና አንድ ጠመኔ ይበቃሉ። እኛ በመኝታ ክፍላችን ደጅ ሞክረነዋል፤ እናንተም በምታስተምሩበት ክፍል ሞክሩት። ሰሌዳው ዋናው ሜሞሪ ነው። የተማሪዎቹ ደብተር የቅርብ ግልባጭ ነው።

የመጀመሪያው ዙር። በሰሌዳው ላይ 41 ይጻፍ። ሁለቱ ተማሪዎች ቁጥሩን በየደብተራቸው ይገልብጡ። አንዷ 8፣ ሌላው 6 ይደምሩ። እየሮጡ መጥተው ውጤታቸውን በሰሌዳው ቁጥር ምትክ ይጻፉ። ኋላ የደረሰው ያሸንፋል፤ ወይ 49 ወይ 47 ይቀራል። 55 አይገኝም።

ሁለተኛው ዙር። አሁን አንድ ደንብ ይጨመር። ሰሌዳውን የለወጠ ሁሉ "ተሽሯል!" ብሎ ይጩህ። ጩኸቱን የሰማ ሁሉ በደብተሩ ያለውን ግልባጭ ይሰርዝ፤ ሲያስፈልገው እንደገና ከሰሌዳው ያንብብ። ብዙ ሰው "በቃ፣ ይህ መፍትሔ ነው" ይላል። እኛም ብለን ነበር። አሁን ግን ተማሪዎቹ ሁለቱም አንብበው፣ ሁለቱም በአእምሯቸው ደምረው ሳለ ይጀመር። አንዷ 49 ጻፈችና "ተሽሯል!" አለች። ሌላው በደብተሩ ያለውን 41 ሰረዘ፤ ደንቡን አክብሯል። በጭንቅላቱ የያዘውን 47 ግን ማን ይሰርዝለታል? ሄዶ ጻፈው። እንደገና 47!

የዚህ ጥናት ፍሬ ነገር እዚህ ላይ ነው። ግልባጮች ሁሉ ትክክል መሆናቸው ብቻ በቂ አይደለም። አንብቦ፣ አስቦ፣ መልሶ መጻፍ ሦስት ሥራዎች ሳይሆኑ አንድ የማይከፈል ሥራ መሆን አለባቸው።

ሦስተኛው ዙር። ጠመኔው አንድ ብቻ ይሁን። ደንቡም "ጠመኔ ያልያዘ ሰው ሰሌዳውን አይጽፍም" ብቻ ሳይሆን "ጠመኔ ያልያዘ ሰው ሊለውጥ ብሎ አያነብም" ይሁን። አንዷ ጠመኔውን አንሥታ 41 ታነባለች፤ 8 ደምራ 49 ትጽፋለች፤ ከዚያ በኋላ ጠመኔውን ታስቀምጣለች። ሌላው ያነሣና 49 አንብቦ 55 ይጽፋል። ማንም ቀድሞ ቢይዘው ውጤቱ 55 ነው። ጠመኔው ከንባብ በፊት ተነሥቶ ከጽሕፈት በኋላ መቀመጡን አስምሩበት። ለመጻፍ ብቻ ቢነሣ ያው ወደ መጀመሪያው ዙር እንመለሳለን።

5. ሊቃውንቱ ለእነዚህ ምን ስም ሰጧቸው?

"ተሽሯል" የሚለው ጩኸት በፕሮሰሰሮቹ መካከል በእርግጥ አለ። ጄምስ ጉድማን በ1983 አንድ ዘዴ አቀረበ። በ1984 ደግሞ በአሜሪካ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተመራማሪዎች፣ ፓፓማርኮስና ፓቴል፣ ዛሬ ሜሲ ተብሎ የሚታወቀውን ዘዴ አሳተሙ። በዚህ ዘዴ እያንዳንዱ ግልባጭ ከአራት ምልክቶች አንዱን ይይዛል። የተለወጠ (ከመዝገቡ የተለየና በእኔ ዘንድ ብቻ ያለ)፣ የብቻ (ከመዝገቡ ጋር አንድ የሆነና በእኔ ዘንድ ብቻ ያለ)፣ የጋራ (ሌሎችም ሊይዙት የሚችሉ)፣ የተሻረ (የማይሠራበት) ናቸው። ግልባጩ የሚያዘው በቁራጭ በቁራጭ፣ ብዙውን ጊዜ በ64 ባይት ነው። ሊጽፍበት የፈለገ ፕሮሰሰር አስቀድሞ የሌሎቹን ግልባጭ ማሻር አለበት። ይህ ሁሉ ፕሮግራም ጸሐፊው ሳያዝዘው በማሽኑ ውስጥ የሚፈጸም ነው።

ይሁን እንጂ ጩኸቱ የማይሰማበት ቦታ አለ። በአንድ ማሽን ውስጥ ያሉ ፕሮሰሰሮች ይሰማማሉ። አንድ ፕሮግራም ለራሱ ብሎ ለይቶ ያስቀመጠው ቁጥር፣ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ያለ ፋይል፣ በኪሳችን ያለ ፍላሽ ግን አይሰሙም። የእኛ ጥፋት ከዚሁ ወገን ነው።

ጠመኔው "ቁልፍ" ይባላል። ሆላንዳዊው ኤድስገር ዳይክስትራ በ1965 ብዙ ሂደቶች ወደ አንድ የጋራ ሥራ ተራ በተራ የሚገቡበትን ዘዴ አሳተመ። ሴማፎር የተባለውን መሣሪያም ያበጀው እሱ ነው። ሴማፎር ሁለት ሥራዎች ብቻ ያሉት ቆጣሪ ነው። ሊገባ የፈለገ ይቀንሳል፤ ዜሮ ከሆነ ይጠብቃል። የወጣ ይጨምራል፤ የሚጠብቅ ካለም እንዲገባ መንገድ ይከፍታል።

ቁልፍ የራሱ አደጋ አለው። አንዱ መምህር የማርክ መዝገቡን ይዞ ሮስተሩን ቢጠብቅ፣ ሌላው ሮስተሩን ይዞ የማርክ መዝገቡን ቢጠብቅ፣ ሁለቱም እስከ ማታ ተፋጠው ይቀመጣሉ። ይህ "መቆላለፍ" ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ሁሉም ሰው ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል ይያዝ፤ መጀመሪያ የማርክ መዝገቡን፣ ቀጥሎ ሮስተሩን። እንዲህ ከሆነ ክብ ሠርቶ መጠባበቅ አይኖርም።

ለቀደመው ደወል ደግሞ የሰጪና የተቀባይ ውል አለ። ሰጪው መረጃውን ሁሉ ጽፎ ሲያበቃ ብቻ ምልክቱን ያቆማል፤ ማሽኑም "ከዚህ በፊት የጻፍኩት ሁሉ ከምልክቱ አስቀድሞ ይታይ" ተብሎ ይታዘዛል። ተቀባዩም ምልክቱን ካየ በኋላ ብቻ መረጃውን ያነባል፤ ማሽኑም "ከዚህ በኋላ የማነበው ከምልክቱ አይቅደም" ተብሎ ይታዘዛል። ከሁለቱ አንዱ ብቻ ውሉን ቢያከብር አይበቃም። የጃቫ ቋንቋ ይህን ደንቡን በ2004 አስተካክሎ አወጣ፤ ሲ እና ሲ ፕላስ ፕላስ ደግሞ በ2011 በቋንቋዎቹ መለኪያ ውስጥ አካተቱት።

በመጨረሻም ፈጽሞ ሌላ መንገድ አለ። ይኸውም መረጃውን አለመጋራት ነው። እንግሊዛዊው ቶኒ ሆር በ1978 ባሳተመው ጥናት ሂደቶች መልእክት እየተላላኩ ብቻ እንዲሠሩ ሐሳብ አቀረበ። መዝገቡ አንድ ባለቤት ይኖረዋል። ሌላው ሁሉ "ለእገሊት 6 ጨምርልኝ" ብሎ ይልካል እንጂ ራሱ አይነካውም። "47 አድርገው" እና "6 ጨምር" በሚሉት መካከል ያለውን ልዩነት ልብ በሉ። የመጀመሪያው ያረጀ ግልባጭ ውጤት ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ግን ማንም ቢቀድመው ይሠራል። የጀውሃው ውሃ አባት በዚህ መንገድ መዝገቡን ይዘዋል፤ ደብተሩን የሚጽፉት እሳቸው ብቻ ናቸው። የጎደለው፣ ለውጡ በየኪሱ ላሉት ወረቀቶች አለመነገሩ ነበር።

6. የሚያስከፍለው ዋጋ

ይህ ሁሉ የኮምፒዩተር ሰዎች ጭንቀት ብቻ የሚመስለው ካለ ቴራክ 25 ስለተባለው የካንሰር ሕክምና መሣሪያ ይስማ። ካናዳ ውስጥ የተሠራው ይህ የጨረር መሣሪያ ከ1985 እስከ 1987 ባለው ጊዜ ስድስት ሕሙማንን ከመጠን በላይ በሆነ ጨረር ጎድቷል። በ1986 በአሜሪካ ቴክሳስ፣ ታይለር ከተማ በደረሱት ሁለት አደጋዎች የታየው እንዲህ ነው። ሠራተኛዋ የጨረሩን ዓይነት የሚያመለክተውን ፊደል ተሳስታ ጻፈች፤ ወዲያው አስተዋለችና አረመችው። በመሣሪያው ውስጥ ማግኔቶቹን የሚያዘጋጀው ሂደት ሥራውን ለመጨረስ 8 ሰከንድ ያህል ይፈጅበት ነበር። እርማቱ በእነዚያ ሰከንዶች ውስጥ ከተደረገ በመስኮቱ ላይ የታረመው ይታያል፤ የመሣሪያው አንድ ክፍል ግን በቀድሞው ትእዛዝ ይሠራል። ሁለቱም ሕሙማን በጉዳቱ ሞቱ። ሠራተኛዋ የምታየው ትክክል ነበር፤ መሣሪያው የያዘው ግን አርጅቶ ነበር።

በአገራችንም በመጋቢት ወር 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች በአንድ ሌሊት ከሂሳባቸው በላይ ገንዘብ ለማውጣትና ለማስተላለፍ ችለው እንደነበር እናስታውሳለን። ባንኩ አገልግሎቱን ለሰዓታት አቋረጠ፤ ነገሩ የሳይበር ጥቃት እንዳልሆነም ገለጸ። ዩኒቨርሲቲዎችም ገንዘብ የወሰዱ ተማሪዎቻቸው እንዲመልሱ ጥሪ አደረጉ። ይህን የምናነሣው ለአንድ ነገር ነው። ከፋዩ እጅ መዝገቡ ከሚለው ውጭ ሲከፍል ጉዳቱ በሰዓታት ውስጥ አገር ያዳርሳል። በስልካችን ላይ የምናየው ቀሪ ሂሳብ ግልባጭ ነው፤ ማየት ይቻላል። "ይከፈል ወይስ አይከፈል" የሚለው ውሳኔ ግን መዝገቡ ባለበት፣ በቁልፍ ሥር መሰጠት አለበት።

7. ለእኛ ለመምህራን የሚሆኑ ደንቦች

ከእንግዲህ ወዲህ በምንመደብበት ትምህርት ቤት ሁሉ የሚከተሉትን ብንጠብቅ የዚያችን ተማሪ ዕጣ በሌላ ልጅ ላይ አንደግምም።

አንደኛ፣ የማርክ መዝገብ አንድ ባለቤት ይኑረው። ሌላው ጭማሪውን በወረቀት ጽፎ ይስጥ እንጂ ፋይሉን ራሱ አይለውጥ።

ሁለተኛ፣ ግልባጭ የሚወስድ ሰው ቀንና የእትም ቁጥር ይጻፍበት። ሲመልስ የመዝገቡ እትም ቁጥር ከግልባጩ ጋር አንድ ካልሆነ በመካከል ሌላ ሰው ለውጦታል ማለት ነው፤ በላዩ ላይ መገልበጥ ክልክል ነው። ቁጥሩን አይቶ ፋይሉን እስኪመልስ ድረስም ሌላ ሰው መዝገቡን አይንካ።

ሦስተኛ፣ መዝገቡን የለወጠ ሰው ግልባጭ ለያዙት ሁሉ ያስታውቅ። ማስታወቂያው የሚነገረው ለውጡ ተጽፎ ካለቀ በኋላ ነው።

አራተኛ፣ ድምሩ ብቻ ሳይሆን እያንዳንዱ ጭማሪ ለብቻው ተመዝግቦ ይቀመጥ። ልጅቷን ያዳናት ድምሩ አይደለም፤ 8 የሚለው ወረቀት ነው።

አምስተኛ፣ ተማሪ "ማርኬ የት ገባ?" ብሎ ሲመጣ "መዝገቡ ይህን ይላል" ብለን አንመልሰው። መዝገብም ይዋጣል። ጠያቂው በእጁ የያዘውን እንይለት።

የተማሪዋ ማርክ 55 ተብሎ ታረመ። እኛም መምህሩን ይቅርታ ጠየቅን፤ እሷንም በክፍል ፊት ይቅርታ ጠየቅናት። በጀውሃም ውሃ አባቱ አዲስ ደንብ እንዳወጡ ሰምተናል። ተራ የሚቀያየሩ ሰዎች ሁለቱንም የቡድን አለቆች ይዘው ካልመጡ ደብተሩ አይከፈትም፤ አለቆቹም እዚያው ቆመው የኪሳቸውን ወረቀት ሳያርሙ አይሄዱም። ሽማግሌው ስለ ካሽ ሜሞሪ አልተማሩም። ደንባቸው ግን ከላይ የዘረዘርናቸውን አሟልቷል።

መልመጃ

1. በሁለተኛው የክፍል ሙከራ ዙር ግልባጩ በሙሉ ተሰርዞ ሳለ ውጤቱ ለምን ተበላሸ?

2. አንድ መምህር "ቁልፉን የምይዘው ስጽፍ ብቻ ነው፤ ሳነብ ማንንም አልጎዳም" ቢላችሁ ምን ትመልሱለታላችሁ? በ41፣ በ8 እና በ6 አስረዱ።

3. ሦስት መምህራንና ሦስት መዛግብት ቢኖሩ መቆላለፍ እንዴት ሊደርስ እንደሚችል በሥዕል አሳዩ፤ መከላከያውንም ጻፉ።

4. በምትኖሩበት አካባቢ ብዙ ሰው በግልባጭ የሚሠራበት አንድ መዝገብ ፈልጉ፤ የዕቁብ፣ የዕድር ወይም የወፍጮ ቤት ወረፋ ሊሆን ይችላል። ከሦስቱ ስሕተቶች የትኛው ሊደርስበት ይችላል?

መልሳችሁን ከዚህ ጋዜጣ ሥር ባለው ሳጥን ውስጥ ክተቱ። ስሕተት ያገኛችሁብን ካላችሁም ጻፉልን፤ በዚሁ ግድግዳ ላይ እናርመዋለን።